በመዝገቤ ያልነበረች ሾላ

ግንቦት 3 ቀን 1978 ዓ.ም.፣ እሑድ

ይህ ደብተር የትምህርት ዝግጅት ደብተሬ ነበር። ጡረታ ስወጣ ከግማሽ በላይ ባዶ ቀረ፤ ባዶ ወረቀት መጣል አልወድም። ከዛሬ ጀምሮ የተዳፋቱን ሥራ እጽፍበታለሁ። ቁጥሩ በመዝገቡ ይገባል፤ ሌላው እዚህ።

ነገሩ እንዲህ ነው። ከሰፈራችን ከጊንጆ በታች፣ ወደ ምንጩ በሚወርደው መንገድ ዳር፣ ርዝመቱ ሠላሳ፣ ስፋቱ ሃያ እርምጃ የሆነ ተዳፋት አለ። ባሕር ዛፍ ነበረበት፤ አምና ቀበሌው ቆርጦ ለአዳራሹ ሥራ አዋለው። ዘንድሮ መልሶ ባሕር ዛፍ ሊተክልበት አስቦ ነበር። እኔ የአገሩን ዛፍ ልትከልበት ብዬ አመለከትኩ። ሊቀመንበሩ ፈየራ ተማሪዬ ነበር፤ ማመልከቻዬን ሁለት ጊዜ አነበበና “መምህር፣ እርስዎን እምቢ ማለት ይከብደኛል” አለኝ። ቀጥሎ እንደ ሊቀመንበር ተናገረ። ጳጉሜ 5 ቀን የከተማው የደን ልማት ኮሚቴ ቀበሌዎችን ይጎበኛል። በዚያ ቀን ሦስት መቶ ችግኝ በሕይወት ቆሞ ከተቆጠረ ቦታው ለዘለቄታው የጫካው ይሆናል። አንድ እንኳ ከጎደለ ባሕር ዛፍ ይገባበታል።

ሦስት መቶ። አራት ወር።

ከባሕር ዛፉ በፊት እዚያ ትልልቅ ዛፎች ነበሩ። በ1957 ዓ.ም. ተቆረጡ። ምንጩ ከዚያ ወዲህ ደርቋል።

ግንቦት 9፣ ቅዳሜ

በጓሮዬ ባዘጋጀሁት የችግኝ መደብ ላይ አንድም ነገር አልበቀለም። ዘሩን የለቀምኩት አምና ነው። ሰባት ቀን በቆርቆሮ ላይ ፀሐይ አሞቅሁት፤ በየፖስታው ከትቼ ስሙን፣ ቀኑንና የተለቀመበትን ቦታ ጻፍኩበት። እርጥበት ዘርን ያበላሻል ብዬ ሠላሳ ዓመት አስተምሬያለሁ። ዛሬ አንዱን የጥቁር እንጨት ዘር ፈልቅቄ አየሁ፤ ውስጡ እንደ ትንባሆ ሆኗል።

መንበረ ከበሩ ላይ ቆማ ፖስታዎቹን አየቻቸው። “አቤት የጽሕፈትህ ማማር” አለች ባለቤቴ። “መቃብር ላይ እንኳ እንዲህ አሳምሮ የሚጽፍ የለም።”

ግንቦት 20፣ ረቡዕ

ጎረቤታችን ባህሪያ ሄርማታ ገበያ ኮረሪማ ትሸጣለች። እሷም ድሮ ተማሪዬ ነበረች። ዛሬ ከገበያ ስትመለስ መደቡን ሳገላብጥ አየችኝ። የረመዳን ጾም ላይ ናት፤ ድምፅዋ ደክሟል፤ ቀልድዋ ግን አልጾመም።

“መምህር፣ ምን ይፈልጋሉ? ቀለበት ጠፋብዎት?”

ነገርኳት።

“አድርቀዋቸው? ወላሂ ገድለዋቸዋል። የጥቁር እንጨትና የቀረሮ ዘር እኮ ከዛፉ እንደወረደ ነው መሬት የሚገባው። ሊሙ ያለውን አጎቴን ቢጠይቁ ይስቅብዎታል።”

“ይሳቅ” አልኳት። “ከሣቀ በኋላ ምን ይለኛል?”

“እሱን እሱ ይንገርዎት። ለኢድ ይመጣል።”

እናቷ ከዚህ ምንጭ ሲቀዱ አስታውሳለሁ። ባህሪያ አሁን እስከ ወንዙ ትወርዳለች። ማሰሮዋን ሳይ ዓይኔን ወደ መደቡ መለስኩ።

ሰኔ 2፣ ሰኞ

ኢድ። የባህሪያ አጎት አባ ሸኩር መጡ። ከሊሙ ገነት ወዲያ ያላቸው ቡና ከጫካ ጥላ ሥር ነው። ፖስታዎቼን አይተው እንደተባለው ሣቁ፤ በክፋት ግን አይደለም። ከዚያ ክረምቴን የለወጠ ነገር ነገሩኝ፦

“መምህር፣ ዘር ምን ያደርግልሃል? ቡናዬ ሥር የቀረሮው ልጅ፣ የሰሳው ልጅ እንደ ጎመን ወጥቷል። ቡና ለቀማ ከመድረሱ በፊት፣ ነሐሴ ሲገባ ሁሉንም በገጀራ መንጥረን እንጥላለን። በየዓመቱ። ማሎ፣ እባክህ፣ ና ውሰድ።”

ሠላሳ ዓመት ጅማ ኖሬ፣ የቡና ሥር እንደሚመነጠር እያወቅሁ፣ የሚመነጠረው ምን እንደሆነ ጠይቄ አላውቅም።

ሰኔ 10፣ ማክሰኞ

ሊሙ ደርሼ ተመለስኩ። 140 ችግኝ። በቡና ጭነት መኪና። ጉልበቴ ዝሏል። እሑድ እንተክላቸዋለን።

ሰኔ 15፣ እሑድ

ተከልናቸው። መሬቱን እንደ ክፍል ወለል አጸዳሁት፤ አንድ ሣር አልቀረም። ገመድ ወጥሬ፣ በየሁለት እርምጃው ጉድጓድ አስቆፈርኩ። ቆፋሪው ኤርሲዶ ይባላል፤ ከሆሳዕና በኩል የመጣ የቀን ሠራተኛ ነው፤ ጸጥ ያለ ሰው። ከአገሩ ሰዎች አምስት ይዞ መጣ።

ፈየራ ከመንገዱ ላይ ቆሞ አየና ደስ አለው። “መምህር፣ ገመዱ አሁንም አለ? እኔ ነበርኩ እኮ ጫፉን የምይዝልዎት።”

አዎ፣ እሱ ነበር።

ሥራው ሲያልቅ ኤርሲዶ ብቻዬን ስሆን ጠብቆ “ጋሼ፣ እሑድ ከሆነ ከሰዓት በኋላ ብናደርገው?” አለኝ። ምክንያቱን አልነገረኝም፤ አልጠየቅሁትም። የጸሎት ቤታቸው እንደታሸገ፣ ጠዋት ጠዋት በየቤቱ እንደሚሰበሰቡ ጊንጆ ሁሉ ያውቃል። የእሑድ ሥራችን ከእንግዲህ ከሰዓት በኋላ ነው።

ሰኔ 18፣ ረቡዕ

ፈየራ ለምን ከሰዓት በኋላ እንዳደረግሁት ጠየቀኝ። “ጠዋት ጠዋት ጉልበቴን ያመኛል” አልኩት።

መንበረ ሰምታ ኖሯል። “ጉልበትህ መቼ ነው ሰዓት ማየት የጀመረው?” አለችኝ። ውሸት መናገሬን እዚህ እመዘግባለሁ። አልተጸጸትኩም።

ሰኔ 29፣ እሑድ

96 ሞተዋል። 44 ቀሩ። ዝናቡ ባዶውን መሬት አጥቦ የችግኞቹን ሥር አወጣው፤ በማግስቱ ፀሐዩ አቃጠላቸው። መስመሩ ግን ቀጥ እንዳለ ነው። አንዱም አልተዛነፈም።

ሐምሌ 5፣ ቅዳሜ

አባ ሸኩር ለገበያ መጥተው ተዳፋቱን አዩ። ከጫፍ እስከ ጫፍ ተራመዱበት።

“መምህር፣ ይሄ ጫካ ነው ወይስ ሰልፍ?”

“እንዲቆጠር ብዬ ነው።”

“ዛፍ ስሙ እንዲጠራ አይፈልግም። ጎረቤት ነው የሚፈልገው። ሥሩ ከለመደው አፈር ጋር ይምጣ፤ አጠጋግተህ፣ ቀላቅለህ ትከል፤ ሣሩን ተወው፣ ጥላው ነው።” ወደ ገመዱ አመለከቱ። “ይሄን ደግሞ ለፍየል አድርገው።”

ችግኞቹን ስነቅል አፈሩን አራግፌ ነበር። ለማሸግ እንዲቀል፣ ሥሩንም ለማየት። ይህን አልነገርኳቸውም፤ አውቀውታል።

ኤርሲዶ ሲሰማ “ጋሼ፣ አፈሩን መያዝ ቀላል ነው” አለ። በማግስቱ ከጓሮው ኮባ ቆርጦ መጣ፤ ቅጠሉን በእሳት ጫፍ አለዝቦ አንዱን ችግኝ ከነአፈሩ እንደ ሕፃን ጠቀለለው፤ በቃጫ አሰረው። “አገራችን ቂጣም፣ ቅቤም፣ ችግኝም እንዲህ ነው የሚሄደው” አለ። ከሠላሳ ዓመት የሳይንስ ትምህርት በኋላ በዚያ ሰው እጅ ላይ ተማሪ ሆኜ ተቀመጥኩ። እግዚአብሔር ይስጠው።

ሐምሌ 10፣ ሐሙስ

ሊሙ። 120፣ ከነአፈራቸው። ዝናብ። ኤርሲዶና ሁለት ጓደኞቹ አብረውኝ ነበሩ። ከሚመነጠረው ማሳ አንዱ ተጀምሯል፤ ገጀራው ከኋላችን ይሰማል።

ሐምሌ 21፣ ሰኞ

160 ተጨመረ። የመጨረሻው ጉዞ ነው፤ የአባ ሸኩር ተራ በሚቀጥለው ሳምንት ነው፤ ከዚያ በኋላ ሁሉም ይመነጠራል። 44፣ 120፣ 160፦ ድምሩ 324።

ትናንት ከሰዓት በኋላ ጊንጆ ወጣ። ማንም አላዘዘም፤ ስምም አልተጠራም። ባህሪያ ከገበያ ያገኘችውን የቡና ገለባ በጋሪ አስጭና መጣች፤ መሬቱን አለበስንበት። ሴቶቹ ችግኙን ያለ መስመር፣ ቀረሮውን ከዋንዛው፣ ሰሳውን ከጥቁር እንጨቱ ጎን፣ እንደ እጃቸው ተከሉት። መጀመሪያ ላይ ሁለት ጊዜ “ወደ ግራ” ብዬ ነበር። ባህሪያ ቀና ብላ “መምህር፣ ደወሉ ተደውሏል፤ ወደ ቤት ይግቡ” አለችኝ፤ ሁሉም ሣቀ። እኔም።

ከሣቁ መሀል አንዲት አሮጊት በኦሮምኛ ስለ ድሮዎቹ ዛፎች አነሱ፤ ሾላው ሥር ልብስ ያሰጡ እንደነበር። እኔ ባልዲ ለማምጣት ሄድኩ።

ነሐሴ 3፣ ቅዳሜ

318 ቆመዋል። ስድስት ብቻ ሞተዋል። ጠዋት ጠዋት ምንም ሳልሠራ መሀላቸው እቆማለሁ።

ትናንት የድሮውን የትምህርት ቤት መዝገብ ከሣጥን አወጣሁ። በ57 ዓ.ም. ትምህርት ቤቱ አንድ ዋንጫ ተሸልሞ ነበር፤ በአውራጃው ከሁሉ የበለጠ ቀጥተኛና ንጹሕ የተባለ የባሕር ዛፍ ተክል ስለ ነበረው። ለዚያ ሲባል ትምህርት ቤቱ የቆዩትን ዛፎች አስቆረጠ። ዝርዝሩ በእኔ ጽሕፈት አለ፦ ቀረሮ 4፣ ዋንዛ 6፣ ጥቁር እንጨት 3፣ ሰሳ 5፣ ሾላ 1። ጽሕፈቱ ጥሩ ነው።

መዝገቡን መለስኩት።

ነሐሴ 10፣ ቅዳሜ

ዓረፋ። ባህሪያ ፍልሰታ እንደምንጾም አውቃ፣ ከሥጋው ምንም ሳታስነካ፣ ለብቻ በሌላ ድስት የተቀቀለ ጎደሬ ላከችልን። መንበረ “ድስቱን እንኳ ለይታለች” ብላ ዓይኗ እንባ አቀረረ። ሳህኑን ባዶ አንመልስም፤ ሎሚ ሞላንበት።

ነሐሴ 18፣ እሑድ

ጠዋት። ጥፋት ደርሷል። በኋላ እጽፋለሁ።

ከሰዓት በኋላ። ለመስከረም 2ቱ የአብዮት በዓል የጽዳት ዘመቻ ነበር። ከላይኛው ሰፈር የመጡ ዘማቾች መንገድ ዳሩን እንዲያጸዱ ታዘዋል። መስመር የለ፣ ምልክት የለ፤ ሣር መሰላቸው። በገጀራ ከላይኛው ጫፍ ጀምረው ነበር። ባህሪያ ከወንዙ ስትመለስ አይታ ማሰሮዋን መንገድ ላይ ጥላ ሮጠች። መሀላቸው ገብታ ቁጭ አለች አሉ። “እኔን ቆርጣችሁ እለፉ” አለች። ቆሙ።

30 ተቆርጠዋል። 288 ቀረ። አሥራ ሁለት ይጎድላል። የሊሙ ቡና ሥር ሁሉ ተመንጥሯል። ማሰሮዋም ተሰብሯል።

አንዱ ጎረቤት “ጴንጤዎቹ ጠዋት ሥራ ላይ ቢኖሩ ኖሮ” አለ። ኤርሲዶ ሰማ፤ አንገቱን ደፋ። ጥፋቱ የእሱ አይደለም፤ ሰዓቱን የወሰንኩ እኔ ነኝ። ምልክት ያላደረግሁም እኔ ነኝ። ይህን ጮክ ብዬ መናገር ነበረብኝ፤ ጎረቤትየው ግን ሄዷል።

ነሐሴ 23፣ ዓርብ

ፈየራ ቤት ድረስ መጣ። ወንበሩ ጫፍ ላይ ተቀመጠ። “መምህር፣ እንዳላፍር ያድርጉኝ። 288 ሦስት መቶ አይደለም። እሑድ ስብሰባ ላይ ነገሩ ይነሣል፤ የባሕር ዛፍ ችግኝ ተዘጋጅቷል።” ሲወጣ ደግሞ “እርስዎ ራስዎ እኮ ነዎት በገመድ ያስተማሩን። አሁን ያ ስሕተት ነበር ካሉ፣ እኔ ምን ብዬ ልከራከርልዎት?” አለ።

ጥያቄው ትክክል ነው። ሁልጊዜ ጥሩ ጥያቄ የሚጠይቅ ልጅ ነበር።

ነሐሴ 25፣ እሑድ

ዛሬ የሆነውን ሳላሳጥር እጽፋለሁ።

ስብሰባው እንደተለመደው ረዘመ። በመጨረሻ ግለ ሂስ መጣ። ሁሉም የሚለው ይታወቃል፦ “በስብሰባ አረፍዳለሁ፤ አስተካክላለሁ” ይባላል፤ ይጨበጨባል፤ ቀጣዩ ይነሣል። ተራው ሲደርሰኝ ፈየራ “ጓድ ላቀው፣ ስለ ተዳፋቱም ቢገልጹልን” አለ።

ተነሣሁ። የድሮውን የትምህርት ቤት መዝገብ ይዤ ነበር። እንዲህ አልኩ፦

“በ1957 ዓ.ም. የካቲት 14 ቀን በዚያ ተዳፋት ላይ የቆሙ አሥራ ዘጠኝ ዛፎችን እኔ አስቆረጥኩ። የትምህርት ቤቱ ዲሬክተር እኔ ነበርኩ። ማንም አላዘዘኝም። ዋንጫ ፈልጌ ነው።” ከዚያ ዝርዝሩን በየስማቸው አነበብኩ። “ምንጩ የደረቀው ከዚያ በኋላ ነው። ሃያ አንድ ዓመት ከወንዝ ውኃ ስትቀዱ አያችኋለሁ፤ አልተናገርኩም። ፈየራ ገመዱን የያዘው እኔ ስላስያዝኩት ነው። ሥራውን ወደ ከሰዓት ያዞርኩትም እኔ ነኝ፤ ጉልበቴ ደኅና ነው። አስተካክላለሁ ማለት አልችልም። ጀምሬያለሁ፤ አሥራ ሁለት ጎድሎኛል።”

አልተጨበጨበም። ከኋላ ባህሪያ ተነሣች።

“መምህር፣ ይህን እኛ አናውቅም ብለው ነው?” አለች። “እኔ ያን ቀን ቅጠሉን በራሴ ተሸክሜ አውጥቻለሁ። አራተኛ ክፍል ነበርኩ። እናቴ ሾላው ሲወድቅ አልቅሳለች።”

“ታዲያ ሃያ አንድ ዓመት ለምን ዝም አላችሁ?”

“እርስዎ እስኪናገሩ ነዋ። ለሽማግሌ ሰው ይኸን ማን ይነግራል?”

ፈየራ ወረቀቱን ብዙ አገላበጠ። “ውሳኔው በጳጉሜ 5 ቆጠራ ይሆናል። ሦስት መቶ ያው ሦስት መቶ ነው” አለና ስብሰባውን ዘጋ። ባሕር ዛፉን እስከዚያ አቆየው። ይህን ያህል ማድረግ ይችል ነበር፤ አደረገው።

ወደ ቤት ስንመለስ መንበረ ክንዴን ይዛ ነበር። ጃንጥላውን ወደ እኔ አዘንብላ፣ ራሷ በስብሳ ገባች።

ነሐሴ 29፣ ሐሙስ

ወባ። ከአልጋ አልወረድኩም። አሥራ ሁለት።

ጳጉሜ 2፣ እሑድ

ዛሬም አልተነሣሁም። መንበረ “ውኃ ልቅዳ” እያለች በቀን ሦስት ጊዜ ትወጣለች። እንዲህ ብዙ ውኃ ምን እንደምናደርግበት አላውቅም። ኤርሲዶ ሊጠይቀኝ መጣ፤ ጥፍሩ ሥር ጥቁር አፈር ነበረበት፤ የጫካ አፈር። “የት ነበርክ?” ብዬ ስጠይቀው “ሥራ” አለኝ። የአባ ሸኩርን ሰላምታ አደረሰኝ። ሊሙ መቼ እንደሄደ ለመጠየቅ ሳስብ እንቅልፍ ወሰደኝ።

ጳጉሜ 5፣ ረቡዕ

ዘንግ ይዤ ወረድኩ። ኮሚቴው ሦስት ሰው ነበር። አንደኛው ተዳፋቱን አይቶ “ይህ እንዴት ይቆጠራል? መስመር እንኳ የለውም” አለ። ፈየራ ከኪሱ ገመድ አወጣ። ተዳፋቱን ከላይ እስከ ታች በየሁለት እርምጃው ወጠረበት፤ ዛፎቹን ሳይነካ ቦታውን ከፋፈለው። በእያንዳንዱ መተላለፊያ እየገባ ጮክ ብሎ ቆጠረ። ጥሩ ዘዴ ነው። አላስተማርኩትም።

“ሦስት መቶ ሰባት” አለ በመጨረሻ።

መዝገቤን ገለጥኩ። 288። እንደገና አየሁ። ሠላሳ ዓመት የተሳሳተ ድምር አላሳለፍኩም። እጄን አነሣሁ፤ “ጓዶች፣ ቆጠራው ስሕተት አለበት፤ በእኔ መዝገብ…”

ባህሪያ እግሬን ረገጠችኝ። በደንብ ነው የረገጠችኝ። “መምህር” አለች ዝግ ብላ፣ “መዝገቡን ይተዉትና ሾላዋን ይዩ።”

“ምን ሾላ? ሾላ አልተከልኩም።”

በታችኛው ጥግ፣ ወደ ምንጩ፣ ክንድ የምታህል የሾላ ቅርንጫፍ ተተክላለች። ግርጌዋ በኮባ ተሸፍኗል። ከአጠገቧ ሰሳ፤ አዲስ አፈር። አምስት ናቸው። ቀረሮ፣ አራት። ዋንዛ ስድስት። ጥቁር እንጨት ሦስት። መቁጠር አላስፈለገኝም። ዝርዝሩን ራሴ በአዳራሹ አንብቤው የለ?

“ጓድ፣ የሚያስተካክሉት ነገር አለ?” አለኝ የኮሚቴው ሰው።

ፈየራ ገመዱን እየጠቀለለ ነበር። ቀና ብሎ አላየኝም።

“የለም” አልኩ። “የሊቀመንበሩ ቁጥር ትክክል ነው። ስሕተቱ በመዝገቤ ነው።”

መስከረም 1 ቀን 1979 ዓ.ም.፣ ሐሙስ

አባ ሸኩር የቡናቸውን አንድ ጥግ ሳይመነጥሩ ትተውት ነበር፤ ባህሪያ ይህን ያወቀችው ስብሰባው በተደረገ በማግስቱ መልእክት ልካባቸው ነው። ኤርሲዶና ጓደኞቹ ሄደው አመጡ። የሾላዋን ቅርንጫፍ የቆረጡት ሄርማታ መስጊድ አጠገብ ካለው ዛፍ ነው፤ ሽማግሌዎቹን አስፈቅደው። መንበረ በእኔ ማሰሮ ውኃ አጠጣች። ሁሉም ያውቅ ነበር፤ በወባ የተኛው መዝጋቢ ብቻ ነው ያላወቀው።

ዛሬ ለባህሪያ አዲስ ማሰሮ ይዤ ሄድኩ። “ለእንቁጣጣሽ ነው ወይስ ለረገጥኩት እግርዎ?” አለችኝ።

በመዝገቡ አሥራ ዘጠኙን አስገባሁ። “ተካይ” በሚለው ዓምድ ሥር ማንን ልጻፍ ብዬ ጠየቅኳት። እሷ እያሰበች ሳለ ጥያቄውን ተውኩት፤ የሁሉም ስም ከዓምዱ ስፋት ይበልጣል። ባዶውን ተውኩት። በመዝገቤ የመጀመሪያው ባዶ ቦታ ነው።

ከቤተ ክርስቲያን ስመለስ በተዳፋቱ በኩል ወረድኩ። ምንጩ እንደ ነበረው ነው፤ ገና ነው። ሾላዋ ሁለት ቅጠል አውጥታለች። ትናንት አንድ ነበር።